ሳጥኑ ዝም ያለበት ቀን

እህቴ ቨርና ጥሩንባና ከበሮ ይዞ ሜዳ ላይ የሚሰለፍ የጓድ ትርዒት ለአሥራ አምስት ዓመት አላየችም። «ለምን?» ብሎ የጠየቃት ሰው ሁሉ ተጸጽቷል፣ ትነግረዋለችና። ስትነግር ደግሞ ከመጀመሪያው ነው የምትጀምረው፦ የቅድስት ዊኒፍሬድ ልጃገረዶች፣ አረንጓዴ ቀሚስ፣ ነጭ ቦት ጫማ፣ ስልሳ አራት ሴት ልጆች፣ በግራ ትከሻዋ ላይ ደግሞ ሕፃን ልጅ የሚያህል ትልቅ ጥሩንባ። «ኤሌክትሪክ አልነበረንም» ትላለች። «የነበረን ሳንባና ክንድ ነው። ከተማው ማዶ ያለ ሰው ይሰማን ነበር።»

ከዚያ ማይክሮፎን ሜዳ ገባ። ቨርና ያን ቀን እኔ አጠገብ ነበረች። ሜዳው ላይ አንዲት ልጅ በድምፅ ማጉያ መናገር ስትጀምር መቀመጫ ትራሷን ከሥሯ መዝዛ ተነሣች። «ይሄ ቲያትር ነው» አለች። «ቲያትር ሲያምረኝ ትኬት ቆርጬ እገባለሁ።» ትኬት ቆርጣ ነበር የገባችው፣ ግን ያን ጊዜ ይህን የሚነግራት ወንድ አልተገኘም። መኪናዋን አስነሥታ ሄደች፤ እኔ በሰው መኪና ተመለስኩ።

እኔ አርዲስ እባላለሁ፣ የሦስት ዓመት ታናሿ ነኝ። ዊኒፍሬድ ውስጥ እኔም ነበርኩ። ጥሩንባ ብነፋ ብነፋ ጉንጬ ከማበጥ በቀር ድምፅ አልወጣ ስላለኝ ሁለት የነሐስ ሳህን ሰጡኝና «አጋጪ» አሉኝ። አጋጨሁ። ከጓድ ግን አልወጣሁም። በየብርዱ ወራት ማለቂያ የስፌት ማሽኔን ዘይት ቀብቼ ሰኔ እስኪመጣ እቆጥራለሁ። ሰኔ ሲመጣ ከ«የሰሜን ፋኖስ» ጓድ ልጆች ጋር መንገድ ነው፤ መቶ ሃምሳ ልጅ፣ አምስት አውቶቡስ፣ አንድ የኩሽና መኪና። ልብሳቸውን እሰፋለሁ፣ እንቁላላቸውን እጠብሳለሁ፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ጀነሬተሩ የኔ ነው።

ጀነሬተር ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በጋሪ የሚገፋ ቀይ ሞተር ነው። ድምፅ ማጉያውና ሲንቴሳይዘሩ፣ ያ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ የሚሠሩት በሱ ነው። የነዳጁ ክዳን ላይ አንዲት ትንሽ የምትዞር ቁልፍ አለች። በመንገድ ላይ ነዳጁ እንዳይፈስ ትዘጋለች፤ ከማስነሣት በፊት አየር እንዲገባ ትከፈታለች። ካልከፈቷት ሞተሩ ይነሣል፣ ደህና መስሎ ይሠራል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትንፋሽ አጥሮት ይሞታል። እንግዲህ የኔ ሥራ ይህችን ቁልፍ በሁለት ጣት ማዞር ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ይችለዋል።

አሁን ወደ ቴያ ልምጣ። ቴያ የቨርና የልጅ ልጅ ናት። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በኅዳር፣ የሰሜን ፋኖስን ፈተና ባለፈች ቀን መጀመሪያ የደወለችው ለእናቷ አይደለም፣ ለአያቷ ነው።

«አያቴ፣ ገባሁ» አለቻት። «ቱባ ሰጡኝ። ያንቺን ትልቅ ጥሩንባ፣ በትከሻ የሚያዘውን።»

ቨርና ምን ብትል ጥሩ ነው? «ጓድ ስትገቢ ደውዪልኝ።» ማይክሮፎን ያለው ጓድ ጓድ አይደለም ማለቷ ነው። ስልኩንም ዘጋችው።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ቨርና ናት፣ ጥሩ መልስ የሰጠች መስሏት። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ስለ ጓድ አንድ ቃል ትንፍሽ አላለችም። በፋሲካም በልደትም ይገናኛሉ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለቱም ስለ ዝናብ አወሩ። ቴያ ባለፈው ሐምሌ ሃያ አንድ ዓመት ሞልቷት ነበር፤ በኛ ሕግ ከሃያ አንድ በኋላ ማንም አይሰለፍም። ነሐሴ ሲጋመስ ቱባዋን ታስረክባለች፣ አለቀ። አያቷ አንድ ቀን እንኳ ሳታያት ልትወጣ ነው። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ለአንድ ቃል ብለው ሦስት ዓመት ያባከኑ ሁለት ግትሮች፣ መሀል ላይ እኔ።

የትርዒቱ ዝርዝር ሲመጣ ከቨርና ቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ያለችውን ከተማ አየሁ። ትርዒቱ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ስልክ አነሣሁ።

«አሥራ አንድ ጃኬት ዚፑ ተበላሽቶብኛል» አልኳት። «ብቻዬን አልችልም።»

ውሸት አይደለም። ዘጠኝ ነበር የተበላሸው፤ ሁለቱን ራሴ አበላሸኋቸው። ቨርና ትርዒት እምቢ ትላለች እንጂ ሥራ እምቢ ብላ አታውቅም። በነጋታው ከሰዓት የራሷን መቀስ ይዛ መጣች።

«ሰፍቼ እሄዳለሁ» አለች ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ።

«ማን ከለከለሽ።»

«አውቅሻለሁ አርዲስ። ተንኮል ስታስቢ ጆሮሽ ይቀላል።»

ጆሮዬን በጸጉሬ ሸፈንኩና ወንበር ሰጠኋት። ወንበሩን ያስቀመጥኩት ልብስ የሚጫንበት መኪና ጥላ ሥር፣ ፊቱ ወደ ልምምድ ሜዳው ነበር። ወደ ሌላ በኩል አዙራ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ብርሃን ይሻላል ብላ መልሳ አዞረችው።

ልጆቹ ከጠዋት ጀምረው ሜዳ ላይ ናቸው። በስምንት እርምጃ አምስት ያርድ፣ አንድ ጣት ሳይበልጥ አንድ ጣት ሳይጎድል። ወደ ፊት ሲሄዱ ተረከዝ ይቀድማል፣ እግሩ እንደ ተወዛዋዥ ወንበር እግር ተንከባሎ በጣት ያርፋል። ወደ ኋላ ሲሄዱ ተረከዝ መሬት አይነካም፣ በጣት ብቻ። ከወገብ በታች ይሮጣል፣ ከወገብ በላይ ሐውልት ነው፤ ደረት ከተናወጠ ትንፋሹ ይናወጣል፣ ትንፋሹ ከተናወጠ ጥሩንባው ያነክሳል። ባዶ እጅ ያለ ሰው ይሞክረው። እነዚህ ልጆች ግን ይህን የሚያደርጉት በፀሐይ፣ አንዳንዶቹም አሥራ አምስት ኪሎ ነሐስ ተሸክመው ነው።

ቨርና አፏን በስፒል ሞልታ ትሰፋለች። «ያቺ ከዳር ሦስተኛዋ ጉልበቷን ታጥፋለች» አለች በስፒሎቹ መሀል።

«እያየሽ ነው እንዴ?»

«መርፌ እያየሁ ነው።»

ሜዳው ላይ አንዱን ክፍል ጨረሱ። አሠልጣኙ አንድ ቃል ሳይናገር አሥራ ሁለት እጅ ወደ ላይ ወጣ፣ ለአፍታ ቆሞ ወረደ። የቨርና መርፌ ቆመ።

«አሁንም ያነሣሉ?»

«አሁንም።»

ይህ ከኛም ጊዜ በፊት የነበረ ልማድ ነው። የተሳሳተ ሰው ራሱ ያውቀዋል፤ እጁን ያነሣል፣ ያወርዳል፣ በቃ። ፀሐይ ዓይኔ ገባ፣ ጓደኛዬ ገፋኝ፣ ጫማዬ ተፈታ የለም። ማንም አይስቅበትም፣ ማንም በኋላ አያነሣበትም። እኛን ያሠለጠኑን መነኩሲት እህት ክሎቲልድ «እጅሽን አንሺ፣ አፍሽን ዝጊ» ነበር የሚሉት። እኔማ ሁለቱንም ሳህን ይዤ ክንዴ እስኪዝል አነሣ ነበር። ቨርና ግን በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እጇን ስታነሣ አላየኋትም። አልተሳሳተችም ማለት አይደለም።

ዘጠነኛው ዚፕ ላይ ስትደርስ ቴያ ጃኬቷን ልትወስድ መጣች። እኔ የሷን ጃኬት ሆን ብዬ ወደ ታች ቀብሬው ስለነበር መጠበቅ ግድ ሆነባት። ፊቷ በፀሐይ ቀልቷል፣ እግሯ ካልሲዋ እስካለበት ድረስ ቡናማ፣ ከዚያ በታች እንደ ወተት ነጭ። አያቷን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አያቴ።»

«ቴያ።»

«ዝናብ የሚመጣ ይመስልሻል?» አለች ቴያ።

«አይመጣም። ነፋሱ ከምዕራብ ነው።»

አምላኬ ሆይ ትዕግሥቱን ስጠኝ አልኩ በሆዴ። ሁለቱም ነፋሱን ማየት ጀመሩ። ልጅቷ እጅጌ የሌለው ካናቴራ ለብሳ ነበር፤ ቨርና ዓይኗን ከነፋሱ ስትመልስ ግራ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ቱባው የሚያርፍበት ቦታ ሰማያዊና ቢጫ ሆኖ ነበር።

«ግራው ነው» አለች ቨርና።

«ግራው ነው።»

«የኔም ግራው ነበር። እኛ ካልሲ አጥፈን እናደርግ ነበር።» ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። «ቁሚ። ወዲህ ዙሪ።»

ከቦርሳዋ የስፖንጅ ቁራጭ አወጣች። ለዚፕ ሥራ የምትመጣ ሴት ስፖንጅ ምን ልታደርግ እንደያዘች እስካሁን አልጠየቅኳትም። በመቀስ ቅርጽ አበጀችለት፣ በጃኬቱ ገበር ውስጥ ከትከሻው ሥር ከታ ዙሪያውን ሰፋችው። እንደዚያ ስትጠነቀቅ ያየኋት የእናታችንን የመግነዝ ልብስ ስትሰፋ ነው። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና አለበሰቻት። ቴያ ትከሻዋን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገች።

«አያቴ፣ ዛሬ ትቀመጫለሽ?»

ቨርና መቀሷን ወደ ማኅደሩ እየመለሰች «ሳጥናችሁ ይናገራል?» አለች። ድምፅ ማጉያውን ማለቷ ነው፤ ሳጥን እንጂ ሌላ ስም ሰጥታው አታውቅም።

ልጅቷ መዋሸት ትችል ነበር። እኔ ብሆን እዋሽ ነበር። «ይናገራል» አለች ቴያ። «ሁለተኛው ደቂቃ ላይ።»

«እንግዲያው ሁለት ደቂቃ እቀመጣለሁ።»

«ሁለት ደቂቃም ሁለት ደቂቃ ነው» አለች ልጅቷ፣ እየሮጠች ሄደች። ስትሮጥ ትከሻዋን ስትዳስስ አየኋት። ደስታዬን ለመደበቅ የተሰፋ ዚፕ ፈታሁ።

ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ሳጥኑ አፉን ይከፍታል፣ ቨርና ትራሷን መዝዛ ትነሣለች፤ ልጅቷ ደግሞ ከሜዳ ላይ ሆና የአያቷን ጀርባ ታያለች። ከሁለት ደቂቃ ሦስተኛውን እንዴት እንደምሠራ ሳሰላስል የመግቢያ ሰዓት ደረሰ። መውጫዋን ለመዝጋት ከጎኗ እቀመጣለሁ አልኩ። ጉልበቴ ታሞ መነሣት አቃተኝ እላለሁ። ሎሚናዴዬን ቀሚሷ ላይ እደፋለሁ። ይህን እያሰብኩ ነው ጀነሬተሩ ጋ የደረስኩት። ገመዱን ልስብ ስጎነበስ ቨርና በሩቁ ወደ መኪናዋ አቅጣጫ ስትራመድ አየሁ። ገመዱን ሳብኩ፣ ሞተሩ ጉርር አለ፣ ጋሪውን ለሚገፋው ለዱዌን «ዝግጁ ነው፣ ግፋው» ብዬ ሮጥኩ። በስልሳ ሁለት ዓመቴ ሮጥኩ። ቨርና መኪናዋ ጋ የሄደችው ለካ ትራሷን ልታመጣ ነው። ያን የአሥራ አምስት ዓመት ትራስ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ሁለት ጣት የሚጠይቀውን ሥራዬን የጣልኩት እዚያ ላይ ነበር። ያኔ ግን አልታወቀኝም።

ደረጃው ሞልቷል። ወደ ላይ የሚወጡት የሜዳውን ቅርጽ ማየት የሚፈልጉ ናቸው፤ ታች የሚቀመጡት ድምፁ ደረታቸውን እንዲመታቸው የሚፈልጉ ናቸው። ቨርና ሳታመነታ ታች ሄደች፣ አራተኛው ረድፍ፣ መሀል። እዚያ የድሮ ወዳጃችን ኦርቪል ተቀምጧል፤ ከዓመት ዓመት አይቀርም፣ የለበሰው ካናቴራ ላይ ያለው ጽሑፍ ከለቀቀ ሃያ ዓመት ሆኖታል። በአንድ እጁ ቋሊማ በዳቦ፣ በሌላው የተጠበሰ አይብ ይዟል።

«ቨርና?» አለ። «ሞታለች ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«የሞትከው አንተ ነህ፤ የሚነግርህ አጥተህ ነው እንጂ።»

ኦርቪል አይቡን ዘረጋላት፣ ሁለት ቁራጭ አነሣች። ደስ አለኝ፤ የምትበላ ሴት ቶሎ አትነሣም።

የሰሜን ፋኖስ ገባ። ሰማንያ ጥሩንባ ለኛ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ፣ ከኋላ ከበሮዎቹ፣ ከፊት በመዶሻ የሚመቱት የእንጨት ማሪምባዎቹ፣ ዳርና ዳር ባንዲራ የያዙት ልጆች። መሪዋ ከፍ ያለው መቆሚያ ላይ እጇን አነሣች። በጣም ቀስ ብለው፣ የሚያንሾካሹኩ ያህል ጀመሩ። ቨርና ጉንጯ ውስጥ ያለውን አይብ ማኘክ አቆመች። ከዚያ ሰማንያውም ባንድ እግር ዞሩ፣ ድምፁ መጣ። ባርኔጣዬን ያዝኩ። ሆድ ዕቃዬ ውስጥ የማላውቀው ነገር ሁሉ አብሮ ነዘረ። ኦርቪል «ይሄው! ይሄው!» ይላል ቋሊማውን እንደ በትር እያወዛወዘ።

 የቨርና ዓይን ቱባዎቹ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ናቸው፤ ወደ ጎን እየሄዱ፣ እግራቸው ወደ ግራ፣ ደረታቸው ወደኛ። ከግራ አራተኛዋ ቴያ ናት፤ እኔ የምትቆምበትን ቦታ ስለማውቅ አይደለም ያወቅኳት፣ ግራ ትከሻዋ በስፖንጅ ትንሽ ከፍ ስላለ ነው። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። አንድ ደቂቃ ከአርባ። ከሃምሳ። ሎሚናዴዬን አዘጋጀሁ።

ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሁሉም እንደ ተተከሉ ቆሙ። እዚህ ላይ ነው ሳጥኑ የሚናገረው። ከሥሩ ሲንቴሳይዘሩ ወፍራም ድምፅ ያሰማል፣ ሠላሳ ሁለት ቁጥር ሙሉ ጥሩንባዎቹ ዝም ይላሉ። ቨርና ትራሷን በእጇ ያዘች።

ሳጥኑ ዝም አለ።

ሲንቴሳይዘሩ ላይ ያለው ልጅ ቁልፎቹን ተጫነ፣ ምንም የለም። ድጋሚ ተጫነ። ዓይኔ ወደ ጀነሬተሩ ሄደ፤ ዱዌን ጎንበስ ብሎ ገመድ ይስባል፣ ይስባል። ያኔ ክው አልኩ። ጣቶቼን አየኋቸው። ቁልፏን አላዞሩም።

ሜዳው ጸጥ አለ፤ ግን ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። የመሪዋ እጅ መምታቱን አላቆመም። ከኋላ አንድ ከበሮ መቺ በዱላው ጫፍ የከበሮውን ጠርዝ ጠቅ፣ ጠቅ ማድረግ ጀመረ፤ ቁጥሩ እንዳይጠፋባቸው ነው። ከኛ በላይ ያለ አንድ አዲስ ተመልካች ሊረዳቸው ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። ኦርቪል ዞረ።

«እጅህን ሰብስብ! ጭብጨባህ እዚያ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፣ ልጆቹን ታሳስታቸዋለህ።»

ሰውየው እጁን ሰበሰበ። ሦስት ሺህ ሰው ትንፋሹን ይዞ ያንን ጠቅታ አዳመጠ። ስምንት ቆጠርኩ። ዘጠነኛው ላይ አንድ ቱባ ወደ ላይ ወጣ። ከግራ አራተኛው።

ቴያ ብቻዋን ያንን ወፍራም ድምፅ ነፋችው። ማሽኑ ሊያወጣው የነበረውን። ቀጥ ያለ፣ የማይንቀጠቀጥ፣ ከመሬት ሥር የሚመጣ የሚመስል ድምፅ። የሁለቱ ጎረቤቶቿ ቱባ ተከተላት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አሥራ ሁለቱም። በየጠዋቱ ሲያሟሙቁ የሚነፉት ድምፅ ስለሆነ ሁሉም ቦታውን ያውቃል። አግዳሚው ከሥራችን ይነዝር ጀመር።

የቨርና እጅ ጉልበቴን ያዘ። ጥፍሯ ገባ።

«ይሄ ኖታው ላይ ተጽፏል?» አለች።

«አልተጻፈም።»

«አልተጻፈም» አለች መልሳ፣ ለራሷ። እንባዋ አገጯ ላይ ሲደርስ በትራሷ ጠረገችው።

የቀረውን በቅጡ ልንገራችሁ አልችልም፣ እኔም አለቅስ ነበርና፤ ግማሹ የጥፋተኝነት፣ ግማሹ የደስታ። ሳጥኑ እንደሞተ ቀረ። ማሪምባዎቹ ያለ ማጉያ በመቺዎቹ እጅ ጉልበት ብቻ ተሰሙ። መጨረሻ ላይ መላው ጓድ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ሠርቶ ቀጥታ ወደኛ ሲመጣ፣ ሰማንያ ጥሩንባ ተደርድሮ እየነፋ፣ ሰው ገና ትርዒቱ ሳያልቅ ተነሣ። እኔም ተነሣሁ። ቨርና አጠገቤ የለችም። ቀና ስል አግዳሚው ላይ ወጥታ ቆማለች፤ ስልሳ አምስት ዓመቷ ነው፣ ዳሌዋም በቀዶ ሕክምና የተቀየረ ነው። ትራሷን በራሷ ላይ ታሽከረክራለች።

ውጤት ሲነበብ አምስተኛ ወጡ። እስከዚያ ቀን ሦስተኛ ነበሩ፤ በሁለት አሥረኛ ነጥብ ወረዱ።

«ነጥብ ቀነሱብን?» አለች ቨርና።

«በማን ላይ?»

«በኛ ላይ ነዋ! ደንቆሮዎች ናቸው? ምናቸውን ነው የሰሙት?» ኦርቪልን ዳኞቹ መኪናቸውን የት እንደሚያቆሙ ጠየቀችው። እኔ «በኛ» የሚለውን ቃል ሰምቼ ምራቄን ዋጥኩ። 

ከትርዒት በኋላ ልጆቹ መኪና ማቆሚያው ላይ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። ዳይሬክተሯ ማሪት መሀል ገባች። ከእንቁላል ጠባሽ እስከ ከበሮ መቺ ሁሉም እዚያ ነው። ቨርናን እጇን ይዤ ከክቡ ዳር አቆምኳት።

«ያደረጋችሁትን ታውቃላችሁ፣ አልነግራችሁም» አለች ማሪት። ልጆቹ ጮኹ። «አሁን ጀነሬተሩ። ምን ሆነ?»

ዱዌን ምስኪን ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ... ገመዱን...» ላብ በግንባሩ ወረደ። አንድ ደቂቃ ዝም ብል ጥፋቱ በሱ ላይ ሊቀር ነው። በእውነቱ ከሆነ ፈተነኝ። ያቺ ቁልፍ ብትከፈት ኖሮ እህቴ አሁን ቤቷ ነበረች። ስህተቴ ጥሩ ሆነ ብሎ መናገርም ምክንያት ነው፤ ምክንያት ደግሞ የለም። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ አይሆንም አልኩና እጄን አነሣሁ። አፌን ዘጋሁ።

መቶ ሃምሳ ልጅ አየኝ። ማንም አልሳቀም። ማሪት ራሷን ነቀነቀች፣ «እሺ ሚስ አርዲስ፣ አየነው» አለች። እጄን ላወርድ ስል ከጎኔ ሌላ እጅ ወጣ።

የቨርና ነበር። መርፌ የወጋጋው ጣቷ፣ የሠርግ ቀለበቷ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ።

ማሪት ግራ ገባት። «ይቅርታ እመቤት፣ አላወቅኩዎትም። ሜዳ ላይ አልነበሩም እኮ።»

 የቨርና አፍ እንደ እህት ክሎቲልድ ትእዛዝ ዝግ ነው። የምታየው ማሪትን አይደለም። ከክቡ ማዶ ቱባዋን በክንዷ አቅፋ የቆመችውን ልጅ ነው። እጇን አላወረደችውም፤ ክንዷ ዝሎም አላወረደችውም። ልጆቹ ምን እንደሆነ አላወቁም፣ ግን እጅ ሲነሣ ዝም ማለት ስለለመዱ ዝም አሉ።

ቴያ ቱባዋን ለጎረቤቷ ሰጠችና ክቡን አቋርጣ መጣች። አያቷ ፊት ቆመች።

«አያቴ» አለች።  «ጓድ ገባሁ።»

«ሰማሁ» አለች ቨርና። «ልጄ፣ ሰማሁ።»

ያኔ እጇን አወረደች፣ ያወረደችው በልጅቷ ትከሻ ላይ ነው። በግራው፣ ስፖንጁ ላይ። ዱዌን ከሁላችንም በላይ አለቀሰ፤ ጥፋቱ የሱ አለመሆኑ ገና የገባው አይመስለኝም።

ቨርና ቤቷ አልተመለሰችም። በነጋታው ሻንጣዋን ከቤቷ አስመጥታ ከኔ ጋር የኩሽና መኪናው ላይ ተሳፈረች፣ እስከ ነሐሴው የመጨረሻ ትርዒት ድረስም አልወረደችም። ሳጥኑ በሚቀጥለው ከተማ ተናገረ። ትራሷን በእጇ እንደያዘች እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። «የሚለው ነገር እርባና የለውም» አለችኝ። «ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።»

ሦስተኛ ቦታችንንም መለስን። በየከተማው ከመግቢያ ሰዓት በፊት ቨርና ተጣጣፊ ወንበሯን ከጀነሬተሩ አጠገብ ትዘረጋለች፣ ክዳኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ በሁለት ጣቷ ታዞራለች፣ ከፍታት ጣቷን አሽትታ በመሐረብ ትጠርጋለች። ከዚያ ዱዌንን «ግፋ» ትለዋለች። እኔን አታስነካኝም።